ግንቡን የጠየቁት ሰባኪዎች ነበሩ

አሜሪካ የክርስቲያን አገር ናት፣ መንግሥቷም ይህንን በአደባባይ ሊናገርና በሕግ ሊያጸና ይገባል የሚለው፣ ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት የሚባለው አስተሳሰብ በእኛ በኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥም ደጋፊ ካገኘ ሰንብቷል። እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ ተቀምጠን ጠበል ጸዲቅ ስንቀምስ፣ ጨዋታው ከአገር ቤት ጉዳይ ወደ አሜሪካ ምርጫ በዞረ ቁጥር ይህን ሐሳብ የሚያነሣ አይጠፋም። በቅርቡም እትዬ የምላቸው አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ይቺ አገር እኮ በእግዚአብሔር ስም የተመሠረተች ናት፤ ጸሎቱን ከትምህርት ቤት ካወጡት ወዲህ ነው በረከቷ የተነሣው» አሉኝ። ሐሳባቸው ከክፋት የመነጨ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የልጅ ልጆቻቸው በማያውቁት ባህል ውስጥ ሲያድጉ እያዩ የሚጨነቁ ሴት ናቸው። እኔም እንደ እሳቸው አማኝ ነኝ፤ የምቃወመውም አማኝ በመሆኔ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ሃይማኖተኛ ሰው በእምነቱ ተመርቶ ፖለቲካ ውስጥ መግባቱ ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት አይባልም። ማርቲን ሉተር ኪንግ ባፕቲስት የሚባለው የፕሮቴስታንት ክፍል ሰባኪ ነበሩ፤ ንግግራቸው ከአሞጽና ከኢሳይያስ በተወሰዱ ቃላት የተሞላ ነበር፤ የጠየቁት ግን ለክርስቲያኑም፣ ለአይሁዱም፣ ለማያምነውም እኩል የሚሠራ ሕግ ነው። ክርስቲያናዊ ብሔርተኝነት የሚለው ሌላ ነው፤ የአገሪቱ ሙሉ ባለቤት ክርስቲያኑ ነው፣ ሌላው በቸርነት የተቀመጠ እንግዳ ነው፣ መንግሥትም ይህን ባለቤትነት በሥልጣኑ ሊጠብቅ ይገባል ይላል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የምክር ቤቱ ሕንፃ በተወረረ ጊዜ የኢየሱስ ስም የተጻፈበት ባንዲራ ይውለበለብ ነበር፤ ሰብረው የገቡትም ሰዎች በሴኔቱ አዳራሽ መድረክ ላይ ቆመው በክርስቶስ ስም የምስጋና ጸሎት አድርሰዋል። ሁሉም የዚህ አስተሳሰብ ደጋፊ እንዲህ ያደርጋል ማለቴ አይደለም፤ አስተሳሰቡ ሥር ሲሰድ ምን እንደሚመስል ግን ያን ቀን በቪዲዮ አይተነዋል።

የእትዬ አባባል የሚፈተነው እዚሁ በደጃችን ባለው ታሪክ ነው። (የአሜሪካውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የቅርቡን የአገር ቤት ዘመን በእኛው እጽፋለሁ።) በኢንተርስቴት 95 ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ ፍሬድሪክስበርግ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በ1768 ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ጊዜ የመንግሥት ሃይማኖት ነበራት፤ እሱም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው። ያመነበትም ያላመነበትም ነዋሪ ለእሱ ግብር ይከፍላል፤ የአጥቢያው ቄስ ደመወዝ በዓመት 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ተብሎ በሕግ ተወስኖ ነበር፤ ሌላው ሰባኪ ደግሞ ያለ ፈቃድ መስበክ አይችልም። በዚያ ዓመት በጁን ወር ጆን ዎለርና ሉዊስ ክሬግ የተባሉ የባፕቲስት ሰባኪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር ተይዘው በፍሬድሪክስበርግ ታሰሩ። ክሱ ጸጥታ ማደፍረስ ነበር፤ ከሳሹም እነዚህ ሰዎች በመንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ሁሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በጉሮሮው ሳይጠቀጥቁበት አያልፉም ብሎ አማረረ። ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ላለመስበክ ቃል ግቡና ውጡ ተባሉ፤ እምቢ አሉ። ክሬግ ከአራት ሳምንት በኋላ ተፈታ፤ ዎለርና ሌሎቹ ግን 43 ቀን ታስረው በእስር ቤቱ መስኮት በኩል ውጭ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይሰብኩ ነበር።

በ1774 ጄምስ ማዲሰን የተባለ ገና 22 ዓመት የሆነው ወጣት ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በጎረቤት አውራጃ ከ5 ወይም ከ6 የማያንሱ ቅን ሰዎች ሃይማኖታቸውን ስለ ገለጡ ብቻ እስር ቤት ተዘግቶባቸዋል እያለ ይብከነከናል። ያ ወጣት በኋላ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ዋና ቀራጭና አራተኛው ፕሬዚዳንት ሆነ። ሰባኪዎቹን ያሳሰራቸው መንግሥት ክርስቲያን፣ ዳኞቹ ክርስቲያን፣ ታሳሪዎቹም ክርስቲያን መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከነጻነት በኋላ በ1784 ፓትሪክ ሄንሪ የተባለው ስመ ጥር ተናጋሪ ለስለስ ያለ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ ሁሉም ሰው ለክርስትና መምህራን ግብር ይክፈል፤ ገንዘቡ ግን ከፋዩ ለመረጠው ክፍለ ሃይማኖት ይሂድ። ዛሬ ቢቀርብ ብዙዎቻችን እጃችንን የምናነሣለት ሐሳብ ነው። ማዲሰን በ1785 በጻፈው ተቃውሞ ግን፣ ክርስትናን ከሌሎች ሃይማኖቶች ለይቶ ለማቋቋም ሥልጣን ያለው አካል፣ አንዱን የክርስትና ክፍል ከሌሎቹ ክርስቲያኖች ለይቶ ለማቋቋምም ያንኑ ያህል ይቀለዋል ሲል ተከራከረ። ባፕቲስቶችና ፕሬስቢቴሪያኖች በየአጥቢያቸው ፊርማ እያሰባሰቡ ረቂቁን ጣሉት። በምትኩም በ1777 ፍሬድሪክስበርግ ላይ በተሰበሰበው ኮሚቴ ውስጥ ቶማስ ጄፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ በጃንዋሪ 1786 ጸደቀ። ሕጉ የሚጀምረው ሁሉን የሚችል አምላክ የሰውን አእምሮ ነጻ አድርጎ ፈጥሮታል ብሎ ነው፤ ጌታ ራሱ በግዳጅ ማስፋፋት ሲችል ካልፈለገ ሹማምንት ይህን መብት ከየት አመጡት ብሎ ይጠይቃል። በክርክሩ ወቅት የኢየሱስ ክርስቶስ ስም በመግቢያው ይግባ የሚል ማሻሻያ ቀርቦ በብዙ ድምፅ ብልጫ መውደቁን፣ ይህም ሕጉ አይሁዱንም፣ እስላሙንም፣ ሂንዱውንም፣ የማያምነውንም እንዲሸፍን ታስቦ እንደነበር ጄፈርሰን ራሱ መዝግቦታል። (ጄፈርሰን በሥላሴ የማያምን፣ የወንጌልን ተአምራት በምላጭ ቆርጦ ያወጣ ሰው መሆኑን እትዬ ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ስለ አእምሮ ነጻነት የጻፈው ይኸው እጅ የመቶዎች ባሪያዎች ጌታ እንደነበረም አልዘነጋሁትም።)

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የአይብ ነገር ነው። ጆን ሊላንድ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ በቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት አገልግሎ ወደ ማሳቹሴትስ ተመለሰ፤ እዚያ ደግሞ የመንግሥት ሃይማኖት ገና አልፈረሰም ነበር። ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ፣ የሊላንድ የገጠር ምእመናን ላሞቻቸውን አልበው 1,235 ፓውንድ የሚመዝን፣ ማለትም ከ5 ኩንታል የሚበልጥ፣ አንድ ድፍን አይብ ሠሩለት። ከተቃዋሚው ፓርቲ ደጋፊ ላም አንዲት ጠብታ ወተት እንዳይገባበት ተጠንቅቀዋል ተብሎ ይወራል። ሊላንድ አይቡን ይዞ በመርከብና በሠረገላ ተጉዞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1802 ለፕሬዚዳንቱ አስረከበ። በዚያው ዕለት ጄፈርሰን በኮነቲከት ለሚገኙት ለዳንበሪ ባፕቲስቶች ደብዳቤ ጻፈ። በመንግሥትና በቤተ ክርስቲያን መካከል የቆመ የመለያ ግንብ የሚለው ዝነኛ አነጋገር የተገኘው ከዚህ ደብዳቤ ነው። የዳንበሪ ሰዎች ቀድመው የጻፉለት፣ በክፍለ ግዛታቸው ሃይማኖታዊ ነጻነት እንደ ችሮታ እንጂ እንደ መብት አይቆጠርልንም ብለው ለመጮህ ነበር። ይህንን ግንብ ሃይማኖትን የሚጠሉ ሰዎች ክርስቲያኖች ላይ እንዳቆሙት አድርገው የሚናገሩ ወገኖች፣ ለምስጋና አይብ የጫኑት እነማን እንደነበሩ ቢያጣሩ መልካም ነበር።

የእግዚአብሔር ስም በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንደሌለም ብዙዎቻችን አናውቅም። በ1861 ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ባወጡት ሕገ መንግሥት መግቢያ ላይ ግን አለ። ተማሪዎች በየጠዋቱ የሚሉት ቃል ኪዳን ውስጥ ስሙ የገባው በ1954 ነው፤ በእግዚአብሔር እንታመናለን የሚለው የአገሪቱ መሪ ቃል የሆነው በ1956 ነው፤ ሁለቱም ከሶቭየት ኅብረት ጋር በነበረው ፉክክር ወቅት የተወሰኑ ናቸው።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። እኅቴ በቴክሳስ በዳላስ አካባቢ ትኖራለች፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ አሉ። የቴክሳስ ምክር ቤት በ2025 ባወጣው ሕግ መሠረት ዐሠርቱ ትእዛዛት በእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል እንዲለጠፉ ተወስኗል። የወረቀቱ መጠን ቢያንስ 16 በ20 ኢንች ሆኖ ጽሑፉ ከየትኛውም የክፍሉ ጥግ መነበብ አለበት፤ ቃሉም አንድ በአንድ በሕጉ ውስጥ ተጽፏል። ሕጉ ገና ሥራ ላይ ሳይውል ቄሶችና ረቢዎች ጭምር ያሉባቸው ወላጆች ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። እኅቴ ግን መጀመሪያ ደስ ብሏት፣ ልጅዋ በክፍሉ ያነሣውን ፎቶ ላከችልኝ። «እይ፣ ቢያንስ ይህን ያንብቡ!» አለችኝ።

ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት፤ ከዚያም የአማርኛውን ዘጸአት ምዕራፍ 20ን ጎን ለጎን ገለጥኩ። መጽሐፉ «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» ይላል። በግድግዳው ላይ ያለው ግን አምላክህ እኔ ነኝ ብሎ ያቆማል፤ ግብፅም የባርነት ቤትም የሉም። በሰንበት ትእዛዝ ላይ መጽሐፉ ሎሌህና ገረድህ፣ በደጆችህም ውስጥ ያለ እንግዳ ይረፉ ብሎ ይዘረዝራል፤ ወረቀቱ ግን ሰንበትን አክብር ብቻ ይላል። እርግጥ ነው፣ ይህን አጭር ጽሑፍ የዛሬዎቹ እንደራሴዎች አልፈጠሩትም፤ በ1961 አንድ ማኅበር በኦስቲን በምክር ቤቱ ግቢ ካቆመው የድንጋይ ሐውልት የተወሰደ ነው። ቢሆንም ትእዛዛቱን በአንድ ገጽ ለማስገባት ሲባል ከወጡት ቃላት መካከል ስለ ባርነት ቤትና ስለ መጻተኛ የሚናገሩት መኖራቸው፣ ያውም በቴክሳስ፣ እኔን መጻተኛውን ሳያስገርመኝ አላለፈም። የተቀረጸ ምስል አትሥራ የሚለው ግን ራሱን የቻለ መስመር ይዞ ቀርቷል፤ ካቶሊኮችና ሉተራውያን እንደዚህ ለይተው አይቆጥሩትም። የእኅቴ ልጅ በአንገቱ ማተብ፣ በመኝታው ራስጌ የእመቤታችን ሥዕል ያለው ልጅ ነው። በክፍል ጓደኛው «እናንተማ ይህን ትጥሳላችሁ» ሲባል ማን ያስረዳለታል? መምህርቱ የሒሳብ መምህርት ናቸው።

ያ ልጅ እናቱን የጠየቃት ሌላ ጥያቄ ግን ከሁሉም የበለጠ ጥልቅ ነው፦ ሰንበት ቅዳሜ ነው ወይስ እሑድ? እኛ ሁለቱንም እናከብራለን። ይህ ሥርዓት እንዴት እንደጸና ስናስታውስ ደግሞ ነገሩ ወደ ራሳችን ታሪክ ይወስደናል። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ትከበር በማለታቸው ተሰደው በአርመን አረፉ፤ ተከታዮቻቸውም ለረጅም ዘመን ተገፉ። በ1450 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ አስወሰኑ። ይህ በመልካም የሚነሣ ሥራ ነው፤ የተከፈለችውን ቤተ ክርስቲያን አስታርቋል። ነገር ግን ያው የንጉሥ እጅ ወደ ደቂቀ እስጢፋኖስ ዞረ። እነዚህ መነኮሳት ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም በማለታቸው ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይም ተወገሩ። ከውግረታቸው ጥቂት ቆይቶ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። የተወገሩትም ጾመኞች፣ ጸሎተኞች፣ መጽሐፍ ገልባጮች ነበሩ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና በመንግሥት መደገፏን ደነገገ። ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው የሚለው አባባል በዚያው ዘመን ይነገር እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል፤ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ግን ጴንጤዎች ተሰብስባችሁ ጸለያችሁ ተብለው ይታሰሩ ነበር። ሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ አጋር ክርስቲያኖችም ጭምር፣ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት እኩልነትንና የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየትን ለመጠየቅ ነው። ይህ የሌላው ወገን በደል ነው፤ በተደጋጋሚ ተጽፏል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ድጋፉ በቤተ ክርስቲያኗ በራሷ ላይ ያመጣው ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ የተለመደው የሥልጣን መስመር በደርግ እጅ ገባ። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፣ ታሰሩ፣ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አቡነ መርቆሬዎስ መንበሩን ለቀው ተሰደዱ፤ በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ተሾሙ።

የዚያ ዕዳ ከፋዮች እኛ የዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች ጭምር ነበርን። ስደተኛው ሲኖዶስ፣ የአገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ እየተባባልን፣ አንድ እምነት፣ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ጾም ይዘን ለ26 ዓመት ያህል ተለያየን። በቅዳሴ ላይ የየትኛው ፓትርያርክ ስም ይጠራ በሚለው ብቻ ቤተሰብ ተከፍሎ፣ ወንድም የወንድሙን ልጅ ክርስትና ሳያነሣ የቀረበት ቤት አውቃለሁ። ዕርቁ የመጣው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልሆነም። በጥር 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ የጳጳሳት ሹመት በተደረገ ጊዜ፣ ሲኖዶሱ መንግሥት ጣልቃ ገባብኝ ብሎ የጠቀሰው የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ነበር፦ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። በዚያ ሳምንት ጥቁር ለብሰን ያለቀስን የአሜሪካ ምእመናን፣ እዚህ ያለው መንግሥት ግን የሃይማኖት ጠባቂ ይሁንልን ብለን ስንጠይቅ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚገጥም አይገባኝም።

የእነ እትዬን ስጋት ከንቱ ነው ብዬ አላልፈውም። ደርግ ሃይማኖትን የሕዝብ ማደንዘዣ እያለ ሲያስተምር ያዩ ሰዎች፣ መንግሥት ከሃይማኖት ተለየ ሲባሉ የሚታያቸው የተዘጋ ጸሎት ቤትና የታሰረ ቄስ ነው። የእነሱ ትዝታ እውነት ነው። ነገር ግን ደርግ ከሃይማኖት አልተለየም፤ ፓትርያርክ ያወርድና ያወጣ ነበር። በአሜሪካም አልፎ አልፎ አንዳንድ ሹም ከመጠን አልፎ፣ ተማሪ ለብቻው እንዳይጸልይ እስከ መከልከል ይደርሳል፤ ይህ ስሕተት ነው፣ ሕጉም አይደግፈውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 የከለከለው ባለሥልጣናት ያዘጋጁትን ጸሎት ነው፤ የኒው ዮርክ የትምህርት ቦርድ ለልጆች የሚደገም ጸሎት ጽፎ ነበርና። እኔ ልጄ በመንግሥት ሠራተኞች የተደረሰ ጸሎት እንዲደግም አልፈልግም። ውዳሴ ማርያም አለው።

መንግሥትን ከሃይማኖት የሚለየው ይህ ሕግ ለእኛ ዓይነቱ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ የኦርቶዶክስ ጉዳይ አለ። በማንሃተን 97ኛው ጎዳና ላይ የቅዱስ ኒኮላስ የሩሲያ ካቴድራል ይገኛል። ከቦልሼቪክ አብዮት በኋላ በአሜሪካ ያሉ ሩሲያውያን ምእመናን ልክ እንደ እኛ ተከፈሉ፤ ገሚሱ ለሞስኮ ፓትርያርክ ሲታዘዝ፣ ገሚሱ በኮሚኒስቶች እጅ የወደቀ መንበር አናውቅም አለ። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ካቴድራሉን ከሞስኮ ወገን ወደ አሜሪካው ወገን የሚያዛውር ሕግ አወጣ። ዘመኑ ኮሚኒስት የሚለው ስም ብቻ ሰውን ከሥራ የሚያስባርርበት ዘመን ነበርና ሕጉን የሚቃወም ብዙ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1952 ሕጉን ሻረው፤ ማን ጳጳስ እንደሚሆንና ማን በየትኛው መንበር እንደሚቀመጥ መወሰን የቤተ ክርስቲያን እንጂ የመንግሥት ሥራ አይደለም አለ። የኒው ዮርክ ፍርድ ቤቶች ያንኑ ውሳኔ በሌላ መንገድ ሊያስገቡ ቢሞክሩ በ1960 ዳግመኛ ተሻረባቸው። የእኛም አብያተ ክርስቲያናት በክፍፍሉ ዓመታት ቦርድ ከካህናት፣ ወገን ከወገን እየተካሰሱ ፍርድ ቤት በቆሙ ጊዜ ዳኞቹ የሚጠይቁት መተዳደሪያ ደንቡንና የሕንፃውን ሰነድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ትክክለኛው ሲኖዶስ የእኔ ነው ብለው ያቀረቡትን ጥቅል ቀኖና ሳይከፍቱ ይመልሱላቸው ነበር።